በደቦ ቤት ስንሠራ ልጆችና ወጣቶች ምን ይሥሩ? ምን አይሥሩ?

 

የዛሬው ትምህርታችን ቤት ስለ መሥራት ነው። ነገር ግን ቤት መሥራትን ላስተምራችሁ አይደለም። ምሰሶ እንዴት እንደሚተከል፣ ማገር እንዴት እንደሚታሰር፣ ወጋግራ እንዴት እንደሚያያዝ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ዕድሜዬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። የማወራችሁ ስለ ልጆቹ ነው። ቤት ሲሠራ እንጨት ያቀብላሉ፣ ጭቃ ይረግጣሉ፣ ጣራ ላይ ይወጣሉ። እነሱን ማን ይጠብቃቸዋል?

ትምህርቱ ረዘም ይላል። በአንድ ቀን ካልጨረሳችሁት በሁለት ቀን አንብቡት። ፊደል ያልቆጠረ ጎረቤት ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

በእማሆይ ቤት የሆነው

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአገራችን ብዙ ወጣቶች የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ይሠራሉ። ችግኝ ይተክላሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ቤት ያድሳሉ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ደምበጫ አካባቢ ለእንዲህ ያለ ሥራ ወጥቼ ነበር።

ቤቱ የአንዲት እማሆይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። የሳር ክዳኑ በስብሶ በሦስት ቦታ ያፈሳል። ዝናብ ሲመጣ ቁርበታቸውን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተቱ ያድራሉ። እኛ ወጣቶቹ መጣን፤ የሰፈሩ ሰውም በደቦ ወጣ። ልጆችም መጡ። ደቦ ባለበት ልጅ አይጠፋም። ቆርቆሮና ሚስማር ተገኝቷል፤ ባህር ዛፉን ጎረቤት አዋጥቷል። ሥራው ደስ ይል ነበር፤ ይህን መደበቅ አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለ። ካፊያው ሲያባራ ጣራው ላይ የቀረ አንድ ሞራሌ ነበር። ወጋግራው ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሰው አይችልም አልን። "ቀለል ያለ ሰው ይውጣ" ተባለ። አጠገቤ አንድ ልጅ ቆሞ ነበር። ቢበዛ 13 ዓመት ቢሆነው ነው። "አንተ ውጣ፤ ቀላል ነህ" አልሁት። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

ልጁ ደስ እያለው ወጣ። የተላጠ ባህር ዛፍ ሲርስ እንዴት እንደሚያንሸራትት ታውቃላችሁ። ሁለት ጊዜ መዶሻውን ሲያነሣ አየሁት። ሦስተኛውን አላየሁም። ዞር ስል መሬት ላይ ነው። ክንዱ ከእጁ አንጓ ከፍ ብሎ ተሰብሯል።

ወደ ወጌሻ ተወሰደ። ክንዱ በቀርከሃ ተጠፍሮ ታሰረ። ሌሊቱን ሁሉ አለቀሰ። "ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ?" ተባለ፤ ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን ጣቶቹ ቀዘቀዙ፤ መጥቆርም ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የተሮጠው። እስራቱ ተፈታ፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከ። እጁ አልተቆረጠም። ሁለት ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፉለትም። ያን ጊዜ 4ኛ ክፍል ነበር። እርሳስ መያዝን እንደገና ተማረ፤ በግራ እጁ።

የእማሆይ ቤት አልቋል፤ አያፈስም። እሳቸው ግን ልጁን ባዩት ቁጥር "በእኔ ቤት ምክንያት" እያሉ እንባቸው ይመጣል። እኔ ደግሞ መጻፍ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ዕድሜን እንዴት እናውቃለን?

"ጎበዝ ነው፣ ይችላል" እንላለን። ቁመቱን አይተን፣ ትከሻውን አይተን እንፈርዳለን። ነገር ግን የ14 ዓመት ልጅ ቁመቱ የአባቱን ያህል ቢሆንም አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ነው። ሌላም ነገር አለ። ልጅ እንቢ አይልም። ትልቅ ሰው "ውጣ" ካለው ይወጣል። ጓደኞቹ ፈሪ እንዳይሉት ይወጣል። በእኛ አገር ለወንድ ልጅ ፈሪ ከመባል መውደቅ ይቀለዋል። ስለዚህ "ፈቅዶ ነው የወጣው" የሚለው ምክንያት ለልጅ አይሠራም። እኔም ይህን ምክንያት ለጥቂት ቀን ይዤው ነበር፤ አላዋጣኝም።

የልጁን የልደት ቀን በጽሑፍ ያልያዘ ቤተሰብ ብዙ ነው። ክፍሉን መጠየቅ አይበቃም። የ4ኛ ክፍል ተማሪ 10 ዓመትም 15 ዓመትም ሊሆን ይችላል። እናቱን ጠይቁ። እናት ታውቃለች። "የተወለደው በማን ሠርግ ዓመት ነው? መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ነው በኋላ? ክርስትና ሲነሣ አዝመራው ምን ላይ ነበር?" በሉ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ ከክርስትናው ወደ ኋላ ቆጥሮ ወሩን ማግኘት ይቻላል። ዓመቱን በዓመተ ምሕረት ጻፉ። ከዚያ ቀንሱ።

ምሳሌ፦ ልጁ በ2004 ዓ.ም. ተወለደ። ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ተሠራ። 2017 ሲቀነስ 2004 ስንት ነው? 13 ነው። ለማን ምን ሥራ እንደሚሰጥ የምትወስኑት በዚህ ቁጥር እንጂ በቁመት አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ልጆች ይናገራል። ልጅ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ አለ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ልጅ ለሥራ የሚቀጠርበት ዝቅተኛ ዕድሜ 14 ዓመት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን ወደ 15 አሳደገው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን "ወጣት ሠራተኛ" ይለዋል። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስም አይሠራም። የኤሌክትሪክ መስመር ላይ፣ ከመሬት በታች በሚሠራ ማዕድንና የድንጋይ ካባ፣ ከባድ ነገር በማንሣት ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ተከልክሏል።

"ደቦ እኮ ቅጥር አይደለም፤ ደመወዝ የለውም" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። አዋጁ የተጻፈው ለአሠሪና ለተቀጣሪ ነው። ግን ወጋግራው ልጁ ደመወዝ አለው የለውም ብሎ አይጠይቅም። በገንዘብ ለሚሠራ ልጅ የማይፈቀድ ነገር በነጻ ለሚሠራው እንዴት ይፈቀዳል?

ለድሆች ቤት በመሥራት በዓለም የታወቀ ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባል ድርጅት አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመሠረተ፤ በኢትዮጵያም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ሠርቷል። በአሜሪካ ባለው ደንቡ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግንባታ በሚካሄድበት ሰዓት ወደ ቦታው አይገባም። የ16ና የ17 ዓመት ወጣቶች ይሠራሉ፤ ጣራ ላይ ግን አይወጡም፣ በሞተር የሚሠራ መጋዝ አይነኩም፣ ቤት አያፈርሱም። እነሱም ወጣቱን "አትምጣ" አላሉትም። "ይህን ሥራ፣ ይህን ተው" አሉት። እኛም በደቦአችን ይህንኑ ማድረግ እንችላለን።

ከ15 ዓመት በታች

በቤቱ ዙሪያ ገመድ ዘርጉ። ገመድ ከሌለ ልጥ ይበቃል። ልጡም ከሌለ መሬቱን በዶማ ጫር አድርጉ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ከመስመሩ ወዲህ አይግባ። መስመሩ ከግድግዳው ቢያንስ የቤቱን ቁመት ያህል ይራቅ፤ ምክንያቱም የሚወድቅ እንጨት ቁመቱን ያህል ቦታ ይይዛል።

ከመስመሩ ውጪ ለልጆች ሥራ ሞልቷል። ሚስማር ይለቅማሉ፣ የተጣመመውን ከደህናው ይለያሉ፣ ልጥ ይልጣሉ፣ ጭድ ያቀርባሉ፣ የደቦውን ከብት ይጠብቃሉ። ማንበብ የሚችለው ልጅ የሥራውን ዝርዝር ያነባል። ይህን ሥራ ልጆች ይወዱታል፤ በትልልቆቹ ላይ መጮህ የሚፈቀድላቸው በዚህ ብቻ ነውና።

ከ7 ዓመት በታች የሆኑትን አንድ ትልቅ ሰው ይያዝ። "አንዱ ያያቸዋል" አትበሉ። አንዱ የሚባል ሰው የለም። በስሙ ጥሩት። የጭቃ ጉድጓድ ውሃ ሲያቁር ለሕፃን ጥልቅ ነው፤ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥም ሕፃን ይሰምጣል። ሥራው ሲያቆም ጉድጓዱን በእንጨት ክደኑት።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልናገር። ሴቶች ልጆችን "እነሱማ ከሥራው የሉበትም" እንላለን። ማን ነው ታዲያ ውሃውን ያመጣው? ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑ 20 ኪሎ ይመዝናል። ጭቃ ለማቡካት ብዙ ጀሪካን ያስፈልጋል። የ12 ዓመት ልጅ ከጧት ጀምራ ከወንዝ ዳገቱን ስትመላለስ ትውላለች። ማታ "ደቦ የወጣው ማን ነው?" ሲባል ስሟ አይጠራም። ውሃውን አህያ ያምጣ። አህያ ከሌለ ትልልቆቹ ያምጡ። ልጅ ካመጣች በ5 ሊትር ጀሪካን ታምጣ። ለደቦው ወጥ የተጣደበት ትልቅ ድስት አጠገብም ልጆች አይቁሙ። እሳት የፈጀው ልጅ ከጣራ ከወደቀው አያንስም።

ከ15 እስከ 17 ዓመት

እነዚህ የደቦው ጉልበት ናቸው። ከልካይ ከሌለ ሁሉን ካልሠራን ይላሉ። እኔም ነበርሁ።

ይሥሩ፦ ጭቃ ያቡኩ፣ ግድግዳ ይምረጉ፤ ምርጊቱ ግን እጃቸው ከመሬት ቆመው እስከደረሰበት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ትልቅ ሰው ይምረግ። ማገር ይሰሩ። እንጨት ያቀብሉ። በባሬላ ጭቃና ድንጋይ ለሁለት ይሸከሙ፤ ባሬላው ግን እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ። ከጉልበት ያልጠለቀ ጉድጓድ ይቆፍሩ።

አይሥሩ፦ ጣራና መሰላል ላይ አይውጡ። አሮጌ ቤት አያፍርሱ። በመጥረቢያና በገጀራ አይጥረቡ። ምስጥ እንዳይበላው ቋሚው የሚቀባውን የተቃጠለ ዘይት አይንኩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ረጅም እንጨትና ቆርቆሮ አይሸከሙ።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ለሎሚ ልክ ነው። ግንድ ግን እንደ ሎሚ አይከፋፈልም። አንድ ረጅም ሰውና አንድ አጭር ልጅ ግንድ ሲሸከሙ ግንዱ ወደ አጭሩ ይንሸራተታል። ለሸክም እኩል ቁመት ያላቸውን አጣምዱ። በሬ ስታጠምዱ የምታውቁት ነገር ነው። ሲያነሡ ወገባቸውን ሳይሆን ጉልበታቸውን ይጠፉ። ሲጥሉም አንዱ "ጣል" ሳይል ሌላው አይልቀቅ።

ጭቃ የሚረግጥ እግር

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ይህ የእኛው አገር ጉዳይ ነው።

በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሰው ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከ100 ሰዎች ውስጥ 3 ያህሉ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ሦስት ጥቂት ይመስላል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ በዓል ላይ የሚሰበሰበውን ሰው አስቡና ቁጠሩ።

ይህ በሽታ እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ የበላ፣ አብሮ የተኛ አይያዝም። መነሻው አፈሩ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር በእግር ቆዳ አልፎ ይገባል። በውስጥ የሚፈሰውን ፈሳሽ መንገድ እየቆየ ያበላሻል። እግሩም ያብጣል። አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል፤ ያለ አፈሩ ግን በሽታው አይመጣም። የሚመጣውም በአንድ ቀን አይደለም፤ በዓመታት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ከልጅነት መጀመር አለበት።

እንግዲህ ደቦአችንን ተመልከቱ። ጭቃ የሚረግጠው ማን ነው? ልጅ ነው። በምን እግር? በባዶ። ስንት ቀን? ጭቃው ከጭዱ ጋር እስኪዋሐድ ቀናት ይረገጣል። በጭቃው ውስጥ እሾህም፣ ስባሪ ጠርሙስም፣ አሮጌ ሚስማርም አለ።

ምን ይደረግ? ጭቃ የሚረግጥ ሁሉ ቦት ጫማ ያድርግ። ቦት ጫማ ለሁሉ ካልተዳረሰ ሁለት ጥንድ ገዝቶ በተራ መርገጥ ይቻላል። እሱም ካልተገኘ የፕላስቲክ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል። ጫማ ያልደረሰው ምርጊት ይሥራ፣ አይርገጥ። ጭቃው በዶማና በበሬም ይቦካል። ከሥራ በኋላ ወዲያው እግርን በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በጣት መካከል ሳይቀር አድርቆ፣ ጫማ ማድረግ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ከማሰቡ በፊት ሳሙና ይግዛ። ይህን ስል አንዳንድ አባቶች እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

ጣራና መሰላል

ጣራ ላይ የሚወጣው 18 ዓመት የሞላውና ሥራውን ከዚህ በፊት የሠራ ሰው ነው። ወጋግራው ትልቅ ሰው የማይችል ከሆነ ልጅ አይወጣበትም፤ ወጋግራው ይቀየራል። የእማሆይ ቤት ስህተት ይኸው ነበር። እንጨቱን ማጠንከር ሲገባን ሰውየውን አቀለልን።

መሰላሉ እንዲህ ይቁም። 4 ክንድ ከፍ ሲል እግሩ ከግድግዳው 1 ክንድ ይራቅ። 8 ክንድ ከሆነ 2 ክንድ ይራቅ። ጫፉ ከጣራው ጠርዝ 2 ክንድ ያህል ይለፍ፤ የሚወርደው ሰው የሚይዘው እንዲኖረው። አንድ ሰው ከታች ይያዘው። የያዘው ሰው ለወሬም ለጠላም አይልቀቀው።

ከጣራው ላይ ሰው ካለ ከታች ሰው አይቁም። መዶሻ አይወረወርም፤ በገመድ ታስሮ ይሳባል። ነፋስ ሲኖር ቆርቆሮ አይነሣም። ቆርቆሮ በነፋስ እንደ ሸራ ይነፋል፤ ጠርዙም ቢላ ነው። ዝናብ ሲያካፋ ሁሉም ይውረድ። ደመና ሲጉረመረም ዝናቡን እንኳ አትጠብቁ፤ መብረቅ ከዝናብ ቀድሞ ይመጣል። ከዝናብ በኋላ እንጨቱ ሳይደርቅ ማንም አይውጣ። "ሳይመሽ እንጨርስ" የሚለው ችኮላ ነው እኛን የጎዳን።

ጠላን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ደቦ ያለ ጠላ ደቦ አይመስልም፤ ይገባኛል። ጣራ የሚወጣ፣ መጥረቢያ የሚይዝ፣ መሰላል የሚይዝ ግን ሥራው ሳያልቅ አይቅመስ። ድርሻው ይቀመጥለት። ከ18 ዓመት በታች ላለው ጠላም አረቄም አይሰጥ፤ ውሃና ቆሎ ይሰጠው።

ጉድጓድና አሮጌ ቤት

አፈር ቀላል ይመስላል። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ አፈር 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ፊቱ ከአፈር በላይ ሆኖ እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ለሽንት ቤት የሚቆፈር ጉድጓድ ከወገብ በታች ሲጠልቅ የቆፋሪው ዕድሜ ከ18 በላይ ይሁን፤ ከላይም አንድ ጠባቂ ይኑር። የወጣው አፈር ከአፉ 2 ክንድ ርቆ ይደፋ። በክረምት ግድግዳው ሲሰነጠቅ ካያችሁ ውጡ።

አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከላይ ወደ ታች ይፈርሳል፤ ክዳኑ፣ ከዚያ ወጋግራው፣ ከዚያ ግድግዳው። ግድግዳን ከሥር ቆፍሮ መጣል ፈጣን ነው፤ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን አይታወቅም። አሮጌ ሳር ውስጥ እባብ ይኖራል። አቧራውም ሳንባ ይጎዳልና አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ነው። ልጆች በዚያ ቀን ጭራሽ አይምጡ።

ወረቀቱ

አያቴ ፊደል የቆጠረው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የዕቁቡን፣ የማኅበሩን፣ የወንፈሉን ሰው ሁሉ በደብተር ይጽፋል። ማን እንደመጣ፣ ማን ብድር እንዳለበት ከደብተሩ ያነባል። ከዚህ ልማድ ነው የሚከተለውን ያገኘሁት። ደቦ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦

የጎረቤት ሴት ልጅ — 12 ዓመት — ውሃ በ5 ሊትር ጀሪካን፣ ከመስመር ውጪ።
የባለቤቷ ወንድም ልጅ — 16 ዓመት — ምርጊት፣ ከመሬት።
የአክስቴ ልጅ — 17 ዓመት — እንጨት ማቀበል።
እኔ — 20 ዓመት — መሰላል መያዝ።
አናጢው — 45 ዓመት — ጣራ።
ሕፃናቱን የሚይዘው — ስሙ ይጻፍ።
ደቦውን የሚያዝዘው — ስሙ ይጻፍ።
የሚጠራው ስልክ — የጤና ኬላው ቁጥር ይጻፍ።

በእናንተ ወረቀት ላይ የሁሉም ስም ይጻፍ። ወረቀቱ ጧት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ በአጥሩም ላይ ይለጠፋል። ሥራ መቀየር የሚችለው ደቦውን የሚያዝዘው ሰው ብቻ ነው። እኔ የ13 ዓመቱን ልጅ "ውጣ" ስለው ወረቀት ቢኖር አንድ ሰው "ስሙ እዚያ የለም" ይለኝ ነበር።

ሰው ቢጎዳስ?

ሚስማር የወጋውን ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ። አመድ፣ ፋንድያ፣ አፈር አትነስንሱበት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ተዋሕሲ በእነዚህ ውስጥ ይኖራል። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዶ ስለ መርፌው መጠየቅ ነው።

ከላይ የወደቀ ሰው አንገቱን ወይም ወገቡን ካመመው፣ እግሩን ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ወይም ራሱን ከሳተ አታስቀምጡት፤ አትጎትቱት። ባለበት ይቆይና እርዳታ ይጠራ። ማንሣት ግድ ከሆነ ብዙ ሰው ሆናችሁ፣ ራሱና ወገቡ ሳይጠማዘዝ፣ በመዝጊያ ሳንቃ ላይ አድርጉት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃም ሆነ አረቄ አይጠጣም።

እጁ ወይም እግሩ ለተሰበረ፣ ስብራቱን ለማቃናት አትሳቡ። በተገኘበት አኳኋን በእንጨትና በለስላሳ ጨርቅ ደግፉት፤ ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ወጌሻን አልንቅም፤ ብዙ ሰው የረዱ አሉ። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ያብጣል። ሲያብጥ ጥብቅ እስራት ደም ይከለክላል። ደም ያላገኘ ጣት ይሞታል። በአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግራቸው ከሚቆረጥ ልጆች አንዳንዶቹ ጉዳታቸው ከእስራት እንጂ ከስብራት አይደለም።

ስለዚህ የታሰረ እጅ በየሰዓቱ ይታይ፤ ሌሊትም ይታይ። ጣቶቹ ይሞቃሉ? ሲነኩ ይሰማዋል? ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል? ጥፍሩ ሲጫኑት ነጥቶ ሲለቁት ወዲያው ይቀላል? ከእነዚህ አንዱ "አይ" ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ እያደር ከበረታ፣ እስራቱ በዚያው ሰዓት ይላላ፤ ልጁም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አታንጉ። የሚያለቅስ ልጅ "ወንድ አይደለህም ወይ?" አይባልም። እሱ እያለቀሰ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው።

መልመጃ

1. በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ስንት ዓመቱ ነው? ጣራ ይወጣል? ከመስመሩ ወዲህ ይገባል?

2. መሰላሉ 12 ክንድ ከፍ ቢል እግሩ ከግድግዳው ስንት ክንድ ይራቅ?

3. አንዲት ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቀን 6 ጊዜ ብትሸከም በጠቅላላው ስንት ኪሎ ተሸከመች?

4. በቤታችሁ ያሉትን ልጆች ስምና ዕድሜ በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ደቦ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ከስሙ ጎን ጻፉ። ለጎረቤታችሁ አሳዩትና ያልተስማማችሁበት ካለ ተነጋገሩበት።